ባለመብራቱ ሳጥን

«በራሴ ኮምፒውተር ጌም የምጫወተው መቼ ይሆን?» የሚለው ጥያቄ ልጅቷን ከትምህርት ቤት ጀምሮ አልለቀቃትም። ዘንድሮ የኮምፒውተሩን ዕቃ ርካሽ ርካሹን መራርጣ ገዝታ የቀሯት የጌሙን ምስል የሚያወጣው ግራፊክስ ካርድና ዕቃው ሁሉ የሚገጠምበት ሳጥን ብቻ ነበሩ፤ በአቅሟ የሚገኘው ካርድ ደግሞ በጉረኛው ነጋዴ በአቶ ደርበው ሱቅ ነው።

አቶ ደርበው ካርዱን በእጃቸው እንደያዙ፣ ቀይና አረንጓዴ መብራት የሚያብለጨልጭ ውድ የኮምፒውተር ሳጥን አሳዩዋት።

«ይህን አብረሽ ካልገዛሽ ካርዱን አልሸጥልሽም» አሉ።

«መብራቱ ምን ይሠራል?»

«ጌሙን ያፈጥነዋል፣ የኔ ልጅ። አንቺ ምኑን ታውቂዋለሽ።»

«ጋሼ፣ እኔ የመጣሁት የምጫወትበት ፍለጋ ነው፤ የሚጫወትብኝማ መቼ አጣሁ» አለች ቀስ ብላ።

ሱቁ ውስጥ የነበረው ገበያተኛ ሳቀ። አቶ ደርበውም ሳቃቸው አመለጣቸውና ካርዱን ያለ ሳጥኑ ሸጡላት። እሷም ርካሽ ሳጥን እስኪገኝ ድረስ ዕቃውን ጠረጴዛ ላይ ገጣጥማ ልትጫወት ወሰነች።