ራሱ ይጠየቅ

አንድ ጊዜ አራዊትና የቤት እንስሳት ተስማምተው በአንድ ሰፊ መስክ ላይ ኳስ ይጫወቱ ነበር። ኳሳቸው የደረቀ ቅል ነው። ከወንዙ በላይ ያሉት አንድ ቡድን፣ ከወንዙ በታች ያሉት ሌላ ቡድን ሆነው በየሳምንቱ ይገጥማሉ። በመስኩ ላይ ማንም ማንንም እንዳይበላ ንጉሡ አንበሳ አውጇል። ይህ አዋጅ በተነበበ ቁጥር ጅብ አንገቱን ደፍቶ ይተክዝ ነበር።

የላይኞቹ አሰልጣኝ ቀበሮ ነበር። እሱ ራሱ ኳስ ነክቶ አያውቅም፤ የሚሮጠው ምላሱ ብቻ ነው። የቡድኑ ኮከብ ደግሞ አንድ አውራ በግ ነበር። እናቱ ያወጣችለት ስም ገራም ሲሆን፣ ሣር እንኳ ሲግጥ አበባውን እየዘለለ ነበር የሚግጠው። አንድ ቀን ታዲያ ከላይ የወረደውን ቅል በግንባሩ ገጭ አድርጎ ግብ አስቆጠረ። መስኩ በጩኸት ተናወጠ። «ድገመው! ድገመው!» ተባለ። እሱም ደገመው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሙ «ገጭ» ሆኖ ቀረ።

ጎረቤቱ አህያ ግን ገራም ማለቷን አልተወችም። ግልገል ሳለ ዝናብ ሲመጣ ከሆዷ ሥር ታስጠልለው ስለነበር፣ እሱም እስካሁን «እትዬ» ነው የሚላት። በቡድኑ ውስጥ የእሷ ሥራ ቅሉን በጀርባዋ ጭና ወደ መስኩ ማምጣትና መመለስ ነበር።

ቅሉ በገራም ግንባር ላይ በየጊዜው እየተሰበረ ጨዋታው ይቋረጥ ጀመር። ቀበሮን ይህ አላስደሰተውም። አንድ ሳምንት አህያዋ ቅሉን ስትጭን ጀርባዋ ጎበጥ አለ። ዕድሜዋን በሙሉ ሸክም የለካ ጀርባ ነውና አልተሳሳተም። ይህ ቅል ድሮ ከዝንብ አይከብድም ነበር።

«አሰልጣኝ፣ ቅሉ ምን ሆኖ ነው እንዲህ የከበደው?» አለችው።

«ጤዛ ይዞት ነው» አላት ቀበሮ።

ወቅቱ በጋ ነበር፤ ጤዛ የሚባል ነገር አልነበረም። ቢሆንም አህያዋ ጭቅጭቅ አትወድምና ዝም አለች። ከዚያ ወዲያ ቅሉ መሰበሩን ተወ። ድምፁም ገጭ ማለቱ ቀርቶ ድም ማለት ጀመረ። ተመልካቹ ግን ድምን ከገጭ አብልጦ ወደደው።

ሦስት ክረምት አለፈ። ገራም ቀስ በቀስ ሌላ በግ ሆነ። ወደ ቤቱ የሚወስደው መንገድ ይጠፋበታል። አንድ ማለዳ አንድን ድንጋይ ሰላም ብሎ፣ መልስ ስላላገኘ ተቀየመው። ራሱ ውስጥ ንብ እንደ ሰፈረበት ለአህያዋ በሹክሹክታ ነገራት፤ ከጥቂት ጊዜ በኋላም እንዳልነገራት ሆኖ ደግሞ ነገራት። አበባ መዝለሉንም ተወ።

አህያዋ ቀበሮ ዘንድ ሄዳ፣ እባክህ ለጥቂት ጊዜ አሳርፈው ስትል ለመነችው። ቀበሮ ግን ሣቀባት። «እትዬ አህዪት፣ የበግ ግንባር እኮ ድንጋይ ነው። ድንጋይ ራሱን ሲያመው አይተሽ ታውቂያለሽ?» አላት። እሷም ወደ በጉ ተመለሰች።

አንድ ቀን ጨዋታው እንዳበቃ አህያዋ ከበስተኋላው ጠጋ ብላ፣ ገራሜ፣ እንሂድ አለችው። ዓይኖቹ ደም መስለው ነበር። ዞር አለና ከየት እንዳመጣው በማይታወቅ ኃይል ተንደርድሮ መታት። የፊት እግሯ ቀጭ ብሎ ሲሰበር ዳር ድረስ ተሰማ። በጉ ጥቂት ቆሞ ቁልቁል ካያት በኋላ ጉልበቱን አጥፎ አጠገቧ ተቀመጠ።

«እትዬ፣ ማነው እንዲህ ያደረገሽ?» አላት።

በማግስቱ ሁሉም ከሾላው ዛፍ ሥር ለፍርድ ተሰበሰቡ። በአገሩ ሕግ የሌላውን አጥንት የሰበረ ከመስኩ ይባረራል። ከመስኩ ውጪ ደግሞ የአንበሳ አዋጅ አይሠራም። ይህን አሳምሮ የሚያውቀው ጅብ ገና ሳይነጋ መጥቶ፣ አፉን ተጉመጥምጦ፣ ለበጉ ቅርብ የሆነውን ቦታ ይዞ ነበር። አህያዋም ይህን ሕግ ታውቃለች። ከእግሯ ስብራት ይልቅ ያንን የተጉመጠመጠ አፍ ማየቱ አመማት።

ቀበሮ ጉሮሮውን ጠረገ። «ጌታዬ፣ እኔ ያስተማርኩት ኳስ እንዲመታ ነው፤ አህያ ምታ አላልኩትም። ጥፋቱ የራሱ ነው፤ ራሱ ይጠየቅ» አለ።

ጉባኤው ተቀበለው። ራሱ ይጠየቅ፣ ራሱ ይጠየቅ ተባለ። ከሁሉም በላይ የሚጮኸው ጅብ ነበር። አንበሳም ለመፍረድ መዳፉን አነሣ። ይህን ጊዜ አህያዋ በሦስት እግሯ ተነሣች።

«ጌታዬ፣ እኔም በዚህ እስማማለሁ። ራሱ ይጠየቅ» አለች።

የተመታችው እንዲህ ካለች ነገሩ አለቀ ብለው ሁሉም አሰቡ። ገራምም አንገቱን ደፋ። እሷ ግን እያነከሰች ሄዳ በአፍንጫዋ ግንባሩን ነካችው። ፀጉሩ ተመልጦ፣ ቆዳው እንደ አሮጌ ጫማ ጠጥሮ ነበር።

«ራሱ ይኸውና። ምን እንደመታው፣ ስንት ጊዜ እንደመታው፣ የመታውም ነገር ምን ያህል እንደሚከብድ ጠይቁት።»

ጉባኤው በሣቅ ፈነዳ። ራስ እንዴት ይጠየቃል? አንበሳ ግን አልሣቀም። ራሱ ይመልስ ዘንድ ምን እናድርግ ብሎ ጠየቃት። ቅሉ እዚሁ ስላለ ከመካከላቸው አንዱ በግንባሩ አንድ ጊዜ ብቻ መትቶ እንዲያየው ለመነች። አንበሳ ወደ አሰልጣኙ ዞረ።

«ደስ ባለኝ ነበር፤ ዛሬ ግን ጉንፋን ይዞኛል» አለ ቀበሮ። ወዲያው ወደ ጅብ ጆሮ ጠጋ ብሎ፣ ቅሉ ውስጥ ጮማ አለ፣ ቀድሞ የሰነጠቀው ይበላዋል አለው።

ጅብ አንድ ጊዜ ብቻ ነበር ያሰበው፤ እሱንም በሆዱ። ተንደርድሮ ቅሉን በግንባሩ ሲመታው ድም አለ። ቅሉ ምንም አልሆነም። ጅብ ግን ተቀመጠ፤ ተነሣ፤ ሁለት ጊዜ ዞረ፤ ከዚያም ቀጥ ብሎ ወደ አንበሳ ሄደና ጋማውን ያዘው።

«አንቺ ፍየል፣ ከመንገዴ ዞር በይ» አለው።

የአንበሳ ጥፍሮች አንድ በአንድ ወጡ።

«ጌታዬ፣ የሰደበዎት ማነው?» አለች አህያዋ በለሆሳስ። «አያ ጅቦ ነው ወይስ ራሱ?»

ጥፍሮቹ መንገድ ላይ ቆሙ። አንበሳ ጅቡን አየ፤ በጉን አየ፤ ከዚያም ቅሉን በመዳፉ መትቶ ለሁለት ከፈለው። ውስጡ ጭቃና ጠጠር ሞልቶበት ነበር። ቀበሮ ሰማዩን እንደ አዲስ ይመረምር ጀመር።

አንበሳ ይህን ማን ያውቅ ነበር ሲል ጠየቀ። አህያዋ፣ «የሞላው ቀበሮ ነው። ክብደቱን ግን እኔም አውቅ ነበር። ጀርባዬ ነግሮኝ ዝም አልኩ» አለች።

በጉ የሚናገረው እንዳለው ተጠየቀ። ቃላቱን ለመፈለግ ጊዜ ወሰደበት።

«ስመታት አላስታውስም፤ ቀንዱ ግን የእኔ ነው። ስለዚህ ይቅርታ የምጠይቃት እኔ ነኝ። ይህን እንኳ ለቀበሮ አልሰጠውም» አለ።

አንበሳም ፈረደ። በጉ ከመስኩ እንዳይባረር፣ ነገር ግን ዳግመኛ ቅል እንዳይመታ፣ ንቡ ራሱ ውስጥ ሲነሣ አስቀድሞ እየተናገረ ብቻውን ዘወር እንዲል፣ የአህያዋ እግር እስኪድንም ሣሯን እንዲያመጣላት አዘዘ። ሸክሟን በሙሉ ቀበሮ እንዲሸከም ሆነ። ጅብ በሦስተኛው ቀን ነፍሱን ሲያውቅ መጀመሪያ የጠየቀው ጮማው የት እንደገባ ነበር።

ጉባኤው ሊበተን ሲል አንበሳ አንድ ጥያቄ ጨመረ። ድገመው እያለ ሲጮህ የነበረው ማነው አለ። ሁሉም ሣሩን ማየት ጀመረ። አንበሳ ራሱም ግብ በተቆጠረ ቁጥር በደስታ መሬቱን ይደበድብበት የነበረውን ጅራቱን ቀስ ብሎ ከሆዱ ሥር አስገባው።

ከዚያ በኋላ አህያዋና በጉ ከመስኩ ዳር አብረው ሲግጡ ይታዩ ነበር። መንገደኛ «ገጭ!» ብሎ ቢጣራ በጉ ቀና አይልም። አህያዋ «ገራሜ» ስትለው ግን ጥቂት ዘግይቶም ቢሆን ይዞራል። አንዳንድ ቀንም እያነከሰች ሲያያት ይደነግጣል።

«እትዬ፣ እግርሽን ምን ሆነሽ ነው?» ይላታል።

እሷም በዚያው ቀን ለሦስተኛ ጊዜ ከመጀመሪያው ጀምራ ትነግረዋለች። እሱ እንደ አዲስ ይቅርታ ይጠይቃታል፤ እሷም እንደ አዲስ ይቅር ትለዋለች። ከዚያም በመካከላቸው ያለችውን አበባ ሁለቱም ዘለው ይግጣሉ።

ከዚህ የምንማረው፣ ለደስታችን ስንል ያስመታነው ራስ አንድ ቀን ሌላውን ሲመታ፣ ቀንዱ የማንም ይሁን የማን፣ ቅሉን የሞላው፣ እያወቀ የተሸከመውና ድገመው እያለ የጮኸው ሁሉ አብሮ ተጠያቂ መሆኑን ነው።