የተንቀራፈፈው ዲስክና የስቱዲዮው ቁልፍ

በአንድ ወቅት ደሴ ላይ ይመር የሚባል ፎቶ አንሺ ሴት ልጁን ሉባባን በደላት። በደሉን አስቀድሞ መናገር ይሻላል፤ ኋላ ሁሉም በየጀብዱው ሲከራከር ይረሳልና።

ይመር ዓይኑ ከደከመ ወዲህ ስቱዲዮውን የያዘችው ሉባባ ናት። ሙሽራ ስታቀና፣ ቪዲዮ ስትቆርጥ፣ «ልጄን አጥቁረሽ አነሳሻት» ከምትል የሙሽራ እናት ጋር ስትጨቃጨቅ ዕድሜዋን እዚያው ፈጀችው። ሦስት ወንድሞች አሏት፤ ሦስቱንም ንፍጣቸውን እየጠረገች ያሳደገች ታላቃቸው ናት። እነሱ ግን ስቱዲዮውን የሚያውቁት ጉርድ ፎቶ ሲያስፈልጋቸው ነበር።

የከተማው ሠርግ ሁሉ የሚኖረው በአንድ ቀጭን ዲስክ ውስጥ ነው፤ ኤስኤስዲ ይሉታል። ሲገዛ ጥይት ነበር። ውሎ አድሮ መንቀራፈፍ ጀመረ፤ መንቀራፈፉም ወግ የለውም። የትናንቱን ሠርግ ክፈት ሲሉት ቦግ ያደርገዋል። የቆየውን ክፈት ሲሉት ግን ሙሽራይቱ አንድ እግሯን ከመኪና አውርዳ ሌላውን እስክታወርድ አንድ ብርጭቆ ሻይ ይጠጣል።

አንድ ቀን ባሏ የሞተባት ሴት የኒካሕ፣ የጋብቻ ማሰሪያ ቪዲዮዋን ፈልጋ መጣች። ሟቹ ስክሪኑ ላይ አፉን ከፈተ፤ ቃል ሳይወጣው እንደከፈተ ቀረ። ሴትዮዋ ጠብቃ ጠብቃ፣ «ሞቶም አኮረፈኝ» ብላ ነጠላዋን አጣፍታ ወጣች። ሉባባ ያን ቀን እህል አልቀመሰችም።

ወንድሞቿ ጋ ደወለች። ኮምፒውተር ሲታመም አገሩ የሚያዝለት መድኃኒት አንድ ነው፤ ፎርማት። ቢዘገይ ፎርማት፣ ቢጮህ ፎርማት፣ ባለቤቱ ቢያስነጥሰው ፎርማት። ሦስቱም በየስልካቸው ያዘዙት ይህንኑ ነው።

«ፎርማት ማለት ያለውን ጠራርጎ ማጥፋት አይደለም እንዴ?» አለች።

«ነው፤ ግን ይፈጥንልሻል» አላት ጀማል፣ የመጨረሻው።

«ያንተንም ራስ ምታት አንገትህን ብቆርጠው ይተውሃል» አለችው።

አልሰማትም፤ ፎርማት የሚያደርግበትን ፍላሽ ይዞ ከተፍ አለ። ሉባባ ዲስኩን ነቅላ ሻሿ ውስጥ ቋጠረችው። «በል፣ ከራሴ ላይ ፍታና ውሰደው!» አለች። ጀማል እየሳቀ ሄደ። እሷ ግን ሱቅ እስክትዘጋ ሻሿን አልፈታችም።

እንድሪስ ከወንዶቹ ታላቁ ነው፤ ኮምቦልቻ ቢሮ ይሠራል፤ ወንበር በሶፍት ሳይጠርግ አይቀመጥም። መጣ፣ የእህቱን ወንበር አገላብጦ ጠረገ፣ ሶፍቱን እዚያው መሬት ላይ ጣለ። ከዚያም ዲስክ የሚመረምር ሶፍትዌር ጫነ። ሌላው በግምት ሲያወራ እሱ አስመርምሮ ውጤቱን አነበበ። ዲስኩ አልሞላም፣ አልተሰበረም። አዲስ የገባበትን ሲያነብ ይሮጣል፤ የቆየውን ሲያነብ ይደናበራል። እንዴት እንደሚያነብ የሚያዘው የውስጥ መመሪያ ከፋብሪካው ሲወጣ ስህተት ይዞ ወጥቷል፤ ፋብሪካውም ኋላ ማረሚያ አውጥቶለታል።

«በሽታው ተገኘ፤ ፈርምዌሩ ነው» አለ እንድሪስ።

አባታቸው ከጥግ ቀና አለ። «ምን አልክ? ፈርም? የሚፈረም ነገር ቀርቶ ነው?»

እንድሪስ ሳቀ። ሉባባም ልትስቅ አፏን ከፍታ ነበር።

«ፊርማ ከተፈለገማ የሚፈርመው ባለቤት ነው» አለ ይመር። «ወንድ ልጆች እያሉኝ ደግሞ ሴት አትፈርምልኝም። ከሦስቱ ወንዶች ዲስኩን ያዳነ እሱ ይፈርም፤ የስቱዲዮውንም ቁልፍ ይውሰድ።»

እንድሪስ ነገሩ ፊርማ እንዳልሆነ፣ የዕቃው የውስጥ መመሪያ ስም እንደሆነ አስረዳው። ሽማግሌው ገባው፤ ራሱንም ነቀነቀ። ቃሉን ግን አላነሳም። ዲስኩ ፊርማ እንደማይሻ ቢያውቅም ልጁን በሆዱ እንዴት እንዳስቀመጣት አንዴ ከአፉ ወጥቷል።

ቁልፍ የሚባል ነገር በተነሳ ጊዜ የቀሩት ሁለት ወንድሞቿ አመጣጣቸው! ዝንብ እንኳ ከማረፏ በፊት ትንሽ ታንዣብባለች።

ኑርዬ መካከለኛው ነው፤ አይሱዙ ይነዳል። ማረሚያው ሲጫን ዲስኩ የያዘውን ሁሉ ሊያፈሰው እንደሚችል ሰማ። ሥራውን ጥሎ፣ መኪናውን አቁሞ፣ ሰፊ ባዶ ዲስክ ይዞ መጣ። ጫቱን ታቅፎ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጠና ሠርግ በሠርግ ይገለብጥ ጀመር። የቆየው ሠርግ እየተጎተተ ይመጣል፤ መሃል ላይ ይቆማል፤ ኑርዬ እንደገና ያስነሳዋል። ሌላ ሰው ቢሆን ረግሞት ይሄድ ነበር። እሱ ገረባውን የሙሽሮች ወንበር ሥር እየበተነ ጸና።

«ይኼን ቆሻሻ አንሳልኝ!» አለችው ሉባባ።

«ቆይ እንጂ እቴቴ፤ ባለቤቱ ሳይታወቅ ለማን ልታዘዝ?»

እውነቱ ግን ይነገር፤ ኑርዬ ከመቀመጫው የተነሳው ሁሉንም ገልብጦ ነው። አንዲት ሙሽራ አልቀረችም።

ጀማል ሞባይል ይጠግናል፤ ስልኩን ፊቱ ላይ ሳይደግን ጫማውን አያስርም። ማረሚያውን ከፋብሪካው ገጽ አውርዶ አመጣ። እንግዲህ ማረሚያው እየተጫነ መብራት ከሄደ ዲስኩ ድንጋይ ሆኖ ይቀራል፤ የደሴ መብራት ደግሞ ሲሄድ ሰው አያስፈቅድም። እንድሪስ «እኔ ኃላፊነት አልወስድም» ብሎ እጁን ኪሱ ከተተ። ኑርዬ «ግልባጩን ይዣለሁ፤ ለእኔ ይበቃኛል» ብሎ ወደ በሩ ሸሸ። ጀማል የመኪና ባትሪ ከኢንቨርተር ጋር አገናኘ፤ ኮምፒውተሩን እዚያ ላይ ሰካ፤ ለስልኩም «ወገን፣ ላይክ እያደረጋችሁ!» እያለ ማረሚያውን ለቀቀው።

መሃል ላይ መብራት ሄደ። የሰፈሩ ቴፕና ወፍጮ ሁሉ ባንድ አፍታ ዝም አለ። ኮምፒውተሩ ግን በባትሪው መሥራቱን ቀጠለ፤ የጀማልም እጅ ንቅንቅ አላለም። ዲስኩ ታደሰ፤ እንደተፈራውም ባዶውን ታደሰ። የኑርዬ ግልባጭ ተመለሰበትና ሉባባ የሴትዮዋን ኒካሕ ከፈተችው። ሟቹ «ተቀብያለሁ» አለ፣ ጥርት ባለ ድምፅ።

ሉባባ ደስታዋን ሳትውጠው ክርክሩ ተጀመረ።

«በሽታውን ባላገኘው ምኑን ታክሙት ነበር?» አለ እንድሪስ።

«ባልገለብጠው ኖሮ ያከማችሁት ሬሳ ነበር» አለ ኑርዬ።

«ባልደፍር ኖሮ ያንተም እውቀት የእሱም ግልባጭ እዚያው ሲንቀራፈፍ ይኖር ነበር» አለ ጀማል፣ አሁንም ስልኩን እያየ።

ሉባባ ሶፍቱንና ገረባውን በአንድ ላይ ስትጠርግ ቆይታ ቀና አለች። «እኔስ? ፎርማት፣ ፎርማት ስትሉ ሻሼ ውስጥ ባልቋጥረው ምኑን ልትመረምሩ፣ ምኑን ልትገለብጡ ነበር?»

እንድሪስ ፈገግ አለ። «እቴቴ ሙች፣ እምቢ ማለት ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው ሙያ የሆነው?»

«ይልቅ» አለ ኑርዬ ጫቱን በጉንጩ እያዞረ፣ «የከተማውን ሠርግ ሁሉ በአንድ ዲስክ ላይ ያንጠለጠለው ማን ነው? ቀድመሽ ሌላ ቦታ ብታስቀምጪው ይኼ ሁሉ ጣጣ ይመጣ ነበር?»

ይህኛው እውነት ነበር። ከስድብ ሁሉ የሚቀፈው እንዲህ ያለው ነው፤ እውነት ተቀብቶ የሚመጣው። ኑርዬ ይህን ሲል እግሩ ያረፈው እሷ አሁን በጠረገችው ወለል ላይ ነበር፤ ጫማውም ጭቃ በጭቃ ነበር።

ይመር ከዘራውን መሬት መታ። «በቃ! እርስ በርስ አትባሉ። ሉባባ አስተዋይ ናት፤ የማንም ወገን አይደለችም። በይ ልጄ፣ አንቺ ዳኚ። ቁልፉ ከሦስቱ ለማን ይገባል?»

የማንም ወገን አይደለችም! ለዚህ ቤት የሰጠችው ዕድሜ ሁሉ የዳኛ ወንበር ሆኖ ተመለሰላት። አፏ ውስጥ የተበላሸ ቅቤ የቀመሰች ያህል ተሰማት። መጥረጊያውን ግድግዳው ላይ አስደገፈች፣ ቁልፉን ከሚስማሩ ላይ አወረደች፣ የስቱዲዮውን በር ወለል አድርጋ ከፈተች።

«ወዴት ነው?» አለ እንድሪስ።

«ተይ እንጂ፣ ሰው ይሰማል!» አለ አባቷ።

ውጭ ባጃጅ የሚጠብቅ፣ ሽንኩርት ተሸክሞ የሚያልፍ፣ በየሱቁ በር ላይ የቆመ ሰው ነበር። እሷም ጀርባዋን ለቤቱ፣ ፊቷን ለመንገዱ ሰጥታ፣ ቁልፉን ከፍ አድርጋ ይዛ፣ በመጨረሻ የመለሰችው መልስ ቃል በቃል ይኸው ነው፦

«እናንተ ሰዎች፣ እስቲ ለአንድ አፍታ ቁሙልኝ! አንዱ ወንድሜ ማንም ያላወቀውን በሽታ አወቀ። አንዱ ሊፈስ የነበረውን ሳይፈስ ቀዳው። አንዱ ሁሉም ሲሸሽ ደፈረ። ሦስቱንም አሁን የሚያሻማቸው የቁልፍ ሽታ ነው፤ ወላሂ ያስጠሉኛል፤ ግን ወላሂ ሠርተዋል። እኔ ደግሞ ከመጀመሪያው እዚህ የነበርኩት ነኝ፤ ሁሉን በአንድ ዲስክ ላይ የጫንኩትም እኔ ነኝ፣ ሊያጠፉት ሲመጡ እምቢ ያልኩትም እኔ ነኝ። አባቴ ከሦስቱ ምረጪ ይለኛል፤ እኔ ግን ብቆጥር ብቆጥር አራት ነው የሚመጣብኝ። እንግዲህ እናንተ ቆጥራችሁ ፍረዱ፦ ይኼ ቁልፍ ለማን ይገባል?»