ሁለት ድንጋይ ለዕፁብ ቆብ

ተረት ልንገራችሁ ብል እሺ ትላላችሁ? እሺ ካላችሁ ስሙ። እምቢ ካላችሁም እናገራለሁ፤ ሆዴ ውስጥ ይዤው ብዙ ቆይቻለሁ።

በአንድ ኮንዶሚኒየም ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ላይ ዕፁብ የምትባል ልጅ ነበረች። ይቺ ልጅ አንዲት ነገር ፈለገች፤ ግንባሩ ላይ መብራት ያለው የጠፈርተኛ ቆብ። ማን ይሠራላታል? ራሷ ሠራችው። የዘይት ጀሪካን ፊቱን በቢላ ቀደደች፤ ውስጡን በብስኩት መጠቅለያ ብርማ ወረቀት ለበጠች፤ ከተሰበረ ጃንጥላ ሁለት ሽቦ ነቅላ አንቴና አበጀችለት። ከተጣለ የእጅ ባትሪ አምፖሉን፣ ማብሪያውንና የድንጋይ ማቀፊያውን አውጥታ በፕላስተር አጣበቀች። ቆቡ አማረ። ግን አልበራም፤ የባትሪ ድንጋይ የለውማ! ሱቅ ሄደሽ ግዢ እንዳትሏት። ሱቅ ያለው ቀጭኑ ድንጋይ ነው፤ የዕፁብ ባትሪ የሚጎርሰው ወፍራሙን ነው።

የዚያን ዕለት ከሰዓት በኋላ በትምህርት ቤቷ የጠፈር ጉዞ ቴአትር አለ። መምህርቷ አስቀድመው ነግረዋታል። «ቆብሽ ከበራ ካፒቴን ነሽ። ካልበራ መጋረጃ ትስቢያለሽ፤ ካፒቴንነቱን ለሌላ ልጅ እሰጣለሁ» ብለዋታል። ዕፁብ የካፒቴኑን ንግግር ሌሊት በእንቅልፍ ልቧ ሳይቀር ትለዋለች። መጋረጃ መሳብ ማለት ለእሷ መሞት ነው።

አባቷ አቶ ይገረሙ ወፍራም ድንጋይ የሚጎርስ አሮጌ ራዲዮ አላቸው።

«አባዬ፣ የራዲዮውን ሁለት ድንጋይ ለዛሬ ብቻ ስጠኝ» አለች።

«ኳሱን በምን ልከታተል ታዲያ? ቴሌቪዥኑ እንደሆነ ዲሹን ነፋስ አዙሮት ሺሺሺ ብቻ ነው የሚለው። ሸዋንግዛው ዲሹን ያቃናና ድንጋይሽን ትወስጃለሽ።»

እና ምን ሆነ? ዲሹ አይቃና፣ ራዲዮው ድንጋይ አይተፋ፣ ቆቡ አይበራ፣ ዕፁብ ካፒቴን አትሆን።

ዕፁብ ቆቧን እንዳጠለቀች ወደ ሁለተኛ ፎቅ ወረደች። ዲሹ የጋሽ ሸዋንግዛው ነው፤ ግማሹ ሕንፃ መስመር የሚስበው ከእሳቸው ነው። ስለዚህም ትንሽ ይኮራሉ።

«ጋሽ ሸዋንግዛው፣ እባክዎ ዲሹን ያቃኑልን።»

«ዲሹ ያለው ጣሪያ ላይ። የጣሪያው ቁልፍ ያለው የሺመቤት ጉያ ውስጥ። ምን ላድርግ፣ ክንፍ አውጥቼ ልብረር? እሷ ቁልፉን ትስጠኝና አቃናለሁ።»

ቁልፉ ከጉያ አይወጣ፣ ዲሹ አይቃና፣ ራዲዮው ድንጋይ አይተፋ፣ ቆቡ አይበራ፣ ዕፁብ ካፒቴን አትሆን።

ወይዘሮ የሺመቤት ሦስተኛ ፎቅ ናቸው፤ የሕንፃው ኮሚቴ ሰብሳቢ። ቁልፍ የሚባል ሁሉ እሳቸው ዘንድ ነው፤ ቁልፍ ሲወዱ!

«ቁልፍ? ለዚያ ለሸዋንግዛው?» አሉ። «የኔ ልጅ፣ ይህን ታየዋለሽ? የብርቄ የውሃ ታንከር ደጃፌ ላይ ተገትሮ፣ እያንጠባጠበ ምንጣፌን አበሰበሰው። ይሄ ታንከር ከደጃፌ ካልተነሳ ቁልፍ የሚባል ነገር አላውቅም።»

ታንከሩ ደጃፍ አይለቅ፣ ቁልፉ ከጉያ አይወጣ፣ ዲሹ አይቃና፣ ራዲዮው ድንጋይ አይተፋ፣ ቆቡ አይበራ፣ ዕፁብ ካፒቴን አትሆን።

እትዬ ብርቄ እዚያው ፊት ለፊት በር ናቸው። በራቸውን ገርበብ አድርገው ሁሉንም ሲሰሙ ነበር።

«ሰምቻለሁ፣ ሰምቻለሁ! እኔ በዚህ ወገቤ ላውርደው? ላቀውን ጥሪው፤ ግቢ ያውርድልኝ። እሱ ደግሞ ሰሞኑን አኩርፏል። ስጠራው ሰማይ ሰማይ ያያል። ምን እንደነካው እንጃለት።»

ጋሽ ላቀው ታንከር አያወርዱ፣ ታንከሩ ደጃፍ አይለቅ፣ ቁልፉ ከጉያ አይወጣ፣ ዲሹ አይቃና፣ ራዲዮው ድንጋይ አይተፋ፣ ቆቡ አይበራ፣ ዕፁብ ካፒቴን አትሆን። ሰዓቱ ደግሞ ይሄዳል፤ ሰዓት እንደ ሰው ምክንያት አይደረድርም።

ጋሽ ላቀው የግቢው ዘበኛ ናቸው። ዕፁብ ስትደርስ ጥቁር ኮታቸውን ለብሰው በሩ ሥር ተቀምጠዋል።

«ጋሽ ላቀው፣ እትዬ ብርቄ ታንከሩን ያውርድልኝ ብለዋል።»

«አላወርድም።»

«ለምን?»

ቆቧን ትክ ብለው አዩት። ከዚያ አንገታቸውን ደፉ።

«እናቴ ሞታብኝ፣ አገር ቤት ቀብሬ መጣሁ። የዚህ ሕንፃ ሰው አንድም ለቅሶ አልደረሰኝም። እድራችን ውስጥ የለም አሉ አሉ። ይኸው ጥቁር ለብሼ በር እከፍትላቸዋለሁ፤ ጥቁር ለብሼ በር እዘጋላቸዋለሁ። ሸዋንግዛው ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? ‹ጥቁር ያምርብሃል!› ያምርብሃል አለኝ፣ ልጄ።»

እኔ ተራኪዋ እዚህ ላይ ትንሽ ልናደድ። እግዜር ያጽናህ ለማለት ከመቼ ወዲህ ነው የእድር አባልነት የሚጠየቀው? አራት ፎቅ ሙሉ ሰው፣ ሁሉም ያንን ጥቁር ኮት በየቀኑ እያየ ያልፋል። ሁሉም ያውቅ ነበር። የዕፁብ አባትም ያውቁ ነበር።

እንግዲህ ለጋሽ ላቀው ለቅሶ አይደረስ፣ ጋሽ ላቀው ታንከር አያወርዱ፣ ታንከሩ ደጃፍ አይለቅ፣ ቁልፉ ከጉያ አይወጣ፣ ዲሹ አይቃና፣ ራዲዮው ድንጋይ አይተፋ፣ ቆቡ አይበራ፣ ዕፁብ ካፒቴን አትሆን።

ዕፁብ ቆቧን አወለቀች። ትልልቆቹ ሲያደርጉ እንዳየችው አጠገባቸው ኩርምት ብላ ተቀመጠች።

«እግዜር ያጽናዎት» አለች።

«አሜን።»

«እናትዎ ማን ይባሉ ነበር?»

«ደብሪቱ» አሉ ጋሽ ላቀው፤ ስሙን ሲጠሩ እንባቸው መጣ። ያ ሁሉ ሰሞን ያፈኑትን እዚያው በሩ ሥር፣ አንዲት ልጅ ፊት አለቀሱት። ዕፁብ ጠበቀች። አንድ ዓይኗ ግን የእጅ ሰዓታቸው ላይ ነበር።

«አንቺ ደረስሽኝ» አሉ ፊታቸውን እየጠረጉ። «ታንከሩን አወርዳለሁ። ግን በሩስ?»

«በሩን እኔ እይዝልዎታለሁ። እስኪመለሱ ንቅንቅ አልልም።»

ከዚያማ ምን ልንገራችሁ! ለጋሽ ላቀው ለቅሶ ተደረሰ፣ ጋሽ ላቀው ታንከር አወረዱ፣ ታንከሩ ደጃፍ ለቀቀ፣ ቁልፉ ከጉያ ወጣ። ጋሽ ሸዋንግዛው ጣሪያ ላይ ወጡና «ላቀው፣ ብቻዬን አልችልም፣ ና ያዝልኝ!» ብለው ተጣሩ። ጋሽ ላቀው ወጥተው ያዙ፣ ዲሹ ተቃና፣ የአቶ ይገረሙ ቴሌቪዥን ኳሱን አመጣ፣ ራዲዮው ድንጋይ ተፋ።

«ዕፁብ!» አሉ አባቷ በመስኮት። «ነይ ድንጋይሽን ውሰጂ!»

ዕፁብ መስኮቱን አየች። በሩን አየች። ቴአትሩ ሊጀመር ነው። ሮጠች።

ቆቡ በራ፣ ዕፁብ ካፒቴን ሆነች። አዳራሹ ጨለማ ሆኖ መብራቷ ብቻ ሲታይ ሕፃናቱ እልል አሉ። አንድም ቃል ሳትሳሳት ተናገረች። መጋረጃውን ሌላ ልጅ ሳበ።

አመሻሹ ላይ ቆቧን እንዳበራች ስትመለስ በሩን የማታውቀው ሰው ከፈተላት። ሰዎቹ ሁሉ ግቢው ውስጥ ቆመዋል።

«ጋሽ ላቀውስ?» አለች።

«ተባረረ» አሉ ወይዘሮ የሺመቤት። «በሩን በርግዶ ትቶ ጣሪያ ላይ ሲንጠራራ፣ ሌባ ገብቶ የመኪናዬን ስፖኪዮ መስታወት ነቅሎ ሄደ።»

ሰንሰለቱ እዚያው ግቢ ውስጥ እንደገና ተጀመረ። እትዬ ብርቄ «እኔ ታንከሩን ያውርድልኝ አልኩ እንጂ በሩን ይተው አላልኩም» አሉ። ወይዘሮ የሺመቤት «እኔ ታንከሩ ይነሳ አልኩ እንጂ ላቀው ያንሳው አላልኩም» አሉ። ጋሽ ሸዋንግዛው «እኔ ዲሹን ይያዝልኝ አልኩ እንጂ በሩን ክፍት ይተወው አላልኩም» አሉ። አቶ ይገረሙ «እኔ ዲሹ ይቃና አልኩ እንጂ እሱን ማን አየው?» አሉ።

«በሩን የያዝኩት እኔ ነበርኩ» አለች ዕፁብ። «እይዛለሁ ብያቸው፣ ትቼ የሮጥኩት እኔ ነኝ።»

ሳቁ። ወይዘሮ የሺመቤት ቆቧን ዳበስ አደረጉት።

«የኔ ካፒቴን! ዘበኛ ሆነሽ የተቀጠርሽው አንቺ ነሽ እንዴ? እሱ ይጠየቅበት።»

«ሄጄ ይቅርታ ልበላቸው። የት ሄዱ?»

«አገሩ ገብቶ ይሆናላ።»

«አገራቸው የት ነው?»

ወይዘሮ የሺመቤት እትዬ ብርቄን አዩ። እትዬ ብርቄ ጋሽ ሸዋንግዛውን አዩ። ጋሽ ሸዋንግዛው አቶ ይገረሙን አዩ። አቶ ይገረሙ ልጃቸውን አዩ።

ዕፁብ የእናታቸውን ስም ታውቃለች። አገራቸውን ግን አልጠየቀችም። ያኔ ቸኩላ ነበር።

ተረቴ ይኸው ነው። መልሱልኝ አልልም፤ እናንተው ዘንድ ይቆይ።