የጦጣ ክራር

«ውሰጂው እቴ፣ ከስሬበት ነው የምሰጥሽ።» ጦጣ ለዶሮ እንዲህ ያለቻት ድሮ፣ እንስሳት እንደ ሰው ገበያ በሚወጡበት ዘመን ነው።

እውነቷን ነበር። ክራሩን ለሠራላት ለግንደ ቆርቁር አምስት ቁና ማሽላ ከፍላ ለዶሮ በሁለት ቁና ሸጠችላት። ጫጩቶቿ «ጎረቤቱ ሁሉ አለው እኮ» እያሉ አስጨንቀዋት ስለነበር ዶሮ ደስ ብሏት ወሰደች። ለጠየቃት ሁሉም «በነጻ በሉት» ትል ጀመር።

አይጥ ግን ጦጣን «አብደሻል እንዴ? በዚህ ዓይነት ትደኸያለሽ» አለቻት።

«ክራሩ ጅማት ይበጥሳል፤ ከእኔ ጅማት ሌላ ደግሞ አይገጥመውም» አለች ጦጣ።

እንዳለችውም ጅማቱ በየሳምንቱ ይበጠሳል፤ ዶሮም በየሳምንቱ አንድ ቁና ማሽላ ይዛ ጦጣ ዘንድ ትሄዳለች። አንድ ጠዋት ትንሿ ጫጩት ከቁናው ስትለቅም አገኘቻትና በመንቁሯ መታቻት።

«ተይ፣ እሱ የጅማቱ ነው።»

«እሺ እማዬ፤ የኛ የቱ ነው?» አለች ጫጩቷ።

ዶሮ ልጇን ማየት አፍራ አንገቷን ደፋች።

በማግስቱ ቆቅ መጣች። «ልጆችሽ ሲጫወቱ እንዴት ያምራሉ። እኔም ለልጆቼ ልገዛላቸው ነው፤ በነጻ በሉት ብለሽ የለ?»

ዶሮ ቀና ብላ ሳታያት ባዶ ጎታዋን ከፍታ አሳየቻት።