አዋቂና ታዋቂ

አንድ ንጉሥ ወደ ቆላ የሚወርደውን ወንዝ ጠልፎ የደጋ እርሻውን ሊያጠጣ አሰበ። ነገሩ ከመቆረጡ በፊት ግን ጉባኤ እንዲጠራ ፈለገና አጋፋሪውን ድልነሳን፣ «አደራህን፣ ስለ ወንዙ አዋቂ አዋቂውን መርጠህ አናግርልኝ» አለው።

ድልነሳ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ስንፍና ግን ነበረበት። አዋቂ ፍለጋ አገር ያዞራል፣ ታዋቂ ግን ደጅ ላይ ሞልቷል። ስለዚህ በአምናው ጉባኤ የተናገሩትን፣ አንደበታቸው የተመሰከረላቸውን፣ ከእሱም ጋር ማዕድ የሚቆርሱትን ጠራ። ሁሉም የደጋ ሰዎች ነበሩ።

በጉባኤው ዕለት እማማ ዘርፌ የሚባሉ የቆላ አሮጊት በሩ ላይ ቆመው እንዲናገሩ እንዲፈቅድላቸው ድልነሳን ለመኑት።

«ማን ያውቅሻል?» አላቸው።

«እኔንስ ማንም አያውቀኝ፣ ጌታዬ። ወንዙን ግን አውቀዋለሁ። እናንተ ዘንድ ሲጠለፍ እኛ ዘንድ ይደርቃል።»

«ተናጋሪ ሞልቷል። ስምሽ ሲታወቅ ትመጫለሽ» ብሎ መለሳቸው።

ጉባኤው አማረ። ቅኔው ተዘረፈ፣ ተጨበጨበ፤ ሲጠቀለል ግን ሁሉም ያሉት አንድ ነገር ነበር። ወንዙ ይጠለፍ ተባለ፣ ተጠለፈም።

በዓመቱ ድልነሳ ለሌላ ጉዳይ ቆላ ወረደ። ከብት ይጠጣበት የነበረው ቦታ ድንጋዩ ብቻ ቀርቷል። ቤቶቹ ወና ናቸው። እማማ ዘርፌን ዕቃቸውን በአህያ ጭነው ከመንደሩ ሲወጡ አገኛቸው። በመንደሩ የቀሩት የመጨረሻ ሰው እሳቸው ነበሩ። ከበቅሎው ወረደ።

«እማማ፣ ይመለሱ። ንጉሡ ዳግም ጉባኤ እንዲጠሩ እግራቸው ላይ እወድቃለሁ። መጀመሪያ የሚናገሩት እርስዎ ነዎት።»

«ዛሬ? ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ አሉ» አሉት ሳይቆጡ። «ውሃውንስ ትመልሰው ይሆናል፣ ልጄ። ሰዉን ማን ይመልሰዋል?»

አህያቸውን ነዱ። ድልነሳ ልጓሙን እንደያዘ ቆሞ ቀረ። ቢቆጡት፣ ቢረግሙት በተሻለው ነበር።

አዋቂና ታዋቂ የሚለያዩት በመጀመሪያዋ ፊደል ብቻ ነው። በዚያች ፊደል አንድ መንደር ጠፋ። ለመድረክ ሰው መምረጥ አደራ ነው፤ «ማን ያውቀዋል?» ከማለታችን በፊት «ምን ያውቃል? ነገሩስ የሚነካው ማንን ነው?» ማለት ይገባናል።

እርስዎስ በቅርቡ በጠሩት ስብሰባ ላይ፣ ከበር የመለሱት ማንን ነበር?