አልወጣም ያለችው ስርጉድ

ይህች ተረት እግር የላትም፤ አራት ጎማ አላት።

ሸዋንግዛው የሚስቱን የውባለምን መኪና ወደ ኋላ ሲያስገባ የግቢውን በር ገጨ፤ የኋላ ፕላስቲክ ፓራውልቷም ተሰረጎደ። ስርጉድ ጉንጭ ላይ ሲሆን ያምራል፤ ፓራውልት ላይ ግን ወዳጅ የለውም። ውባለም ጠዋት ቁልፉን ስትሰጠው፣ «አንድ ነገር ካየሁባት ከነገ ጀምሮ በእግርህ ነህ» ብላዋለች። ስለዚህ ከሥራ ሳትመለስ ስርጉዷ እንድትወጣለት ብቻ ፈለገ።

ከውስጥ በእጁ ገፋት። ስርጉዷ አልወጣም አለች።

የተደፈነ ሽንት ቤት የሚከፈትበትን ጎማ አምጥቶ ለጠፈባት። ፓራውልቱ ቀዝቅዞ ደርቋልና ጎማው አልይዝም አለ። ጎማው አልይዝም፣ ስርጉዷ አልወጣም።

«የፈላ ውሃ ያለሰልሰዋል» ብሎ ማንቆርቆሪያውን ኤሌክትሪክ ምድጃው ላይ ጣደ። ወዲያው መብራት ሄደ። ውሃው አልፈላም፣ ጎማው አልይዝም፣ ስርጉዷ አልወጣም።

ከሰል አወጣ። ከሰሉን ዝናብ መትቶታል። ከሰሉ አልቀጣጠልም፣ ውሃው አልፈላም፣ ጎማው አልይዝም፣ ስርጉዷ አልወጣም።

ማራገቢያ ፈለገ። ማራገቢያው ላይ ደግሞ የአከራያቸው የእትዬ አስካለ ዶሮ፣ አንድም እንቁላል ሳይኖራት፣ ታቅፋበታለች። «እሽ» ቢላት ጣቱን ነከሰችው። ዶሮዋ አልነሳም፣ ከሰሉ አልቀጣጠልም፣ ውሃው አልፈላም፣ ጎማው አልይዝም፣ ስርጉዷ አልወጣም።

«እትዬ አስካለ፣ እባክዎ ዶሮዎን ያስነሱልኝ።»

«በሩ አልዘጋም ብሎ ተገትሮ? ተነስታ አስፋልት ልትወጣልህ ነው?»

«በሩን ደግሞ ምን ነካው?»

«አንተ ንገረኝ እንጂ።»

«ነፋስ ይሆናል።»

«ይሆናል። የነፋሱን ታርጋ አይቼዋለሁ።»

ሸዋንግዛው ሄዶ በሩን ገፋው። በሩ አልዘጋም፣ እትዬ አስካለ አላስነሳም፣ ዶሮዋ አልነሳም፣ ከሰሉ አልቀጣጠልም፣ ውሃው አልፈላም፣ ጎማው አልይዝም፣ ስርጉዷ አልወጣም።

«እኔ ነኝ የገጨሁት፣ እትዬ» አለ በመጨረሻ።

«እሱንማ አውቃለሁ። ትከሻህን አምጣ።»

በትከሻው ከሥር ደግፎ በሩን ወደ ላይ አነሳው፤ እትዬ አስካለ ማጠፊያውን በሙቀጫ ዘነዘና መቱት። በሩ ጓ ብሎ ተዘጋ። በሩ ሲዘጋ እትዬ አስካለ ዶሮዋን አስነሱ፣ ዶሮዋ ስትነሳ ማራገቢያው ተገኘ፣ ማራገቢያው ከሰሉን አቀጣጠለ፣ ከሰሉ ውሃውን አፈላ፣ ውሃው ፓራውልቱን አለሰለሰ፣ ጎማው ያዘ፣ ስርጉዷም ቧ ብላ ወጣች።

ውባለም ስትመጣ መኪናዋን ዞረቻት። ከፊት አየች፣ ከጎን አየች፣ ከኋላ ስትደርስ ቆመች።

«ሸዋ፣ ሌላው ሁሉ አቧራ ለብሶ ፓራውልቱ ብቻ ለምን ታጠበ?»

ሸዋንግዛው እትዬ አስካለን አያቸው። እትዬ አስካለ ዶሮዋን አዩ።

«ከኋላ ልጀምር ብዬ ነው» አለ።

«ጎበዝ» አለች ውባለም። «እንግዲያው ጨርሳት፤ ነገም ትወስዳታለህ።»

ባልዲውን አነሳ። መኪናዋም አልታጠብም አላለችም።