ሳይቀዘቅዝ የታሰረ በሶ

አንዲት ሴት ነበረች። ከአንዲት ልጅ በቀር የላትም። ልጅቷ ፈተናውን አልፋ ሩቅ አገር ዩኒቨርሲቲ ደረሳት። ሰው ሁሉ እንኳን ደስ አለሽ ሲላት ሴትየዋ ግን ክፉ ክፉውን ታስብ ነበር። ገበያ ላይ አንዷ «እዚያ ለሰው ልጅ ምን ጨምረው እንደሚያበሉ አይታወቅም» ስትል ሰምታለች። ማን፣ ምን እንደጨመረ አልጠየቀችም። የሰማችው በቃት።

ገብስ ቆልታ ወፍጮ ቤት ወሰደች። ዱቄት ከወፍጮ ሲወጣ እንደሚሞቅ ታውቃለች። ተዘርግቶ መቀዝቀዝ እንዳለበትም ታውቃለች። ግን ደጅ ቢሰጣ የሰው ዓይን ያርፍበታል፣ እጅም ይገባበታል ብላ ፈራች። እንደሞቀ በአምስት ላስቲክ አፍና፣ እያንዳንዱን በሲባጎ ሦስት ጊዜ ቋጥራ፣ ሳጥን ውስጥ ቆለፈችበት። ቁልፉን በክር አድርጋ ልጇ አንገት ላይ አሰረችው።

«የተማሪዎቹ ካፌ እንዳትገቢ። ከሰው እጅ እንዳትጎርሺ። እንብላ ቢሉሽ በልቻለሁ በይ። በጡቴ ማይልኝ!»

«እሺ እማዬ» አለች ልጅቷ።

እንደተባለችውም አደረገች። አንድ ክፍል የሚያድሩት አምስት ሴቶች ምሳ ሲደርስ የመመገቢያ ካርዳቸውን ይዘው ተያይዘው ይወጣሉ። «ነይ እንጂ፣ እንብላ!» ይሏታል። «በልቻለሁ» ትላለች። አንድ ሳምንት ጠሯት፣ ሁለት ሳምንት ጠሯት፣ ከዚያ ተዉአት። እሷም መውጣታቸውን ጠብቃ በሶዋን በውሃ በጥብጣ ትጠጣለች። እየቆየ ሽታው ተለወጠባት። የእናቴ እጅ ነው ብላ አፍንጫዋን ይዛ ጠጣችው።

እናትየው በየቀኑ ትደውል ነበር። አንድ ቀን ስልኩ አልተነሳም። በማግስቱም አልተነሳም። ነጠላዋን እንኳ ሳትቀይር አውቶቡስ ላይ ወጣች። መንገዱን ሙሉ ከንፈሯ ላይ የነበረው አንድ ቃል ነው፤ አበሏት፣ አበሏት።

የደረሰችው ምሳ ሰዓት ላይ ነው። የካፌውን ሰልፍ ይዛ የልጇን ስም እየጠራች ጠየቀች። አንድም የሚያውቃት ጠፋ። ያኔ አንዲት ቀጭን ልጅ ዞር ብላ፣ «ያቺ አንገቷ ላይ ቁልፍ ያሰረችው ናት?» አለቻት።

«አዎ! የት አለች ልጄ?»

«እኛ ክፍል ተኝታለች ማዘር። ሁለት ቀኗ። የምትፆም መስሎን…»

ክፍሉ ሲደርሱ ልጇ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተኝታለች። ትኩሳቷ እጅ ያቃጥላል። ሴቶቹ ተሸክመው ክሊኒክ ሲያደርሷት እናትየው ቁልፉን ይዛ ወደ ኋላ ቀረች፤ ማን እንደነካባት ማወቅ አለባት። ሳጥኑን ከፈተች። ሽታው መታት። ያልተፈቱት ላስቲኮች ውስጥ በሶው አልቦት፣ አረንጓዴ ጠጉር አብቅሏል። ቋጠሮው የራሷ ነው። ሌላ እጅ አልደረሰበትም።

በማግስቱ ልጅቷ ዓይኗን ስትገልጥ ቀጭኗ ልጅ ድርሻዋን በምሳ ዕቃ ይዛ መጣች። ጠቅልላ ልታጎርሳት እጇን ስትዘረጋ እናትየው ሳታስበው አፈፍ አድርጋ ያዘቻት።

«ምነው ማዘር? የካፌ ሽሮ እኮ ነው፤ መርዝ ይቅርና ጨውም የለበት!»

የታመመችው ሳቀች። ድምፅ የሌለው ሳቅ። እናትየው ልጇን አየቻት፣ ጉርሻውን አየችው። ፍርሃቷ አልለቀቃትም። እጇ ግን ለቀቀ።

እህቴ ብርቄ፣ «ልጄ ኮሌጅ ልትገባ ነው፣ ምን ብቋጥርላት ስጋቴ ይቀልልኛል?» ብለሽ ጠየቅሽኝ። ያቺ ሴት አንቺ ነሽ። እኔም ነኝ፤ ለመዋዕለ ሕፃናት ልጄ ምሳ ዕቃ ስከድን እንኳ ደጋግሜ አጠብቀዋለሁ። በሶው ፍቅራችን ነው። ከወፍጮ ይዞት የወጣው ሙቀት ደግሞ ፍርሃታችን ነው፤ አብረን ካፈንነው ያንኑ ፍቅራችንን ያሻግተዋል። ቋጥሪላት፣ አትተይ። ግን አቀዝቅዘሽ ቋጥሪላት። እንብላ ሲሏትም ትሂድ፣ ከያዘችውም ታካፍል። አብራቸው የምትበላ ልጅ አንድ ምሳ ብትቀር የት ሄደች የሚል አይጠፋም።

ስትደውይላት «ምን በላሽ?» ማለትሽ አይቀርም፣ አውቅሻለሁ። ከዚያ «ከማን ጋር?» በያት። የሰው ስም ከጠራችልሽ፣ ያን ቀን ተኚ።